ለኤስ13 ሲልቪያ አዲስ ቱርቦ ልመርጥ ነው፤ ቲ28፣ ጂቲ2860አርኤስ ወይስ ጂቲ2871አር?

ቀዩ_ሲልቪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ኒሳን ሲልቪያ ኤስ13 ናት፤ ሞተሯ ኤስአር20ዲኢቲ። ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም። ቱርቦውም (በጭስ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚጨምቀው ዕቃ) ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቲ25 ነው። ሰሞኑን ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች። ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን የኢንተርኩለሩን ቱቦ ስፈታ ውስጡ ዘይት አለ። የቱርቦውን ዘንግ በጣቴ ስነካውም ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል።

መቀየሩ ካልቀረ ከፍ ባለ ልቀይረው አሰብኩ። ሶስት ምርጫ ይዣለሁ፤ የኤስ15ቱ (የኋለኛዋ ሲልቪያ) ቦል ቤሪንግ፣ ማለት በኳስ ኩሽኔታ የሚዞር፣ ቲ28፤ የጋሬት ኩባንያ ጂቲ2860አርኤስ እና ጂቲ2871አር። ሶስቱም አሁን ባለው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ወደ ቱርቦው በሚወስደው ቱቦ) ላይ እንዲገጥሙ ሆነው ይገኛሉ።

የምፈልገው ከ250 እስከ 265 የፈረስ ጉልበት ነው። መኪናዋን በየቀኑ እነዳታለሁ፣ አልፎ አልፎ ትራክ እወጣለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የምነዳው ከባህር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የማገኘው ቤንዚን ደግሞ ኦክቴኑ ከፍ ያለ አይደለም። የቱን ትሉኛላችሁ?

ሙሉ_ቡስት፦

2871 አስገባ፣ ገላግለው። ዛሬ 260 ያለ ሰው ነገ 320 ይላል። ያኔ ሁለተኛ ቱርቦ ከመግዛት አሁን አንዴ መጨረስ ይሻላል። እኔ በዚሁ ሞተር ላይ እየነዳሁት ነው፤ ከ4,500 ዙር በላይ ያለው ጉልበት ሌላ ዓለም ነው።

ጋሽ_ቢየላ፦

ልጄ፣ ቱርቦ ከመግዛትህ በፊት ቱርቦው መሞቱን እርግጠኛ ሁን። የነገርከን ምልክት ሌላም ሊሆን ይችላል።

የአንተ ቲ25 በቦል ቤሪንግ አይዞርም። ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ ሲወርድ ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ያለ ነው፤ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፣ ማለት በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ ነው። ባትሪ ይዘህ የኮምፕረሰሩን፣ ማለት አየር የሚጨምቀውን ክፍል፣ ሀውዚንግ (ሽፋን) ውስጡን ተመልከት። ምላጮቹ የሚዞሩበት ግድግዳ ላይ የሚያብለጨልጭ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካየህ ዊሉ እየነካ ነው። ያኔ አበቃለት። ግድግዳው ደብዛዛና ንጹህ ከሆነ ገና ነው።

ጭሱን በተመለከተ፣ ሌሊቱን አድራ ስትነሳ ብቻ አጭሳ የምታቆም ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው የባልቦላ ዘይት ማኅተም ነው። ዘይቱ ሌሊት በባልቦላው እግር ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ይቃጠላል። ትራፊክ ላይ ቆማ ስትቆይ የምታጨስ ከሆነ ግን ወደ ቱርቦው አዘንብላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። የፒስተኑ ፋሻ ካለቀ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ታች፣ ወደ ዘይት ቤት ያመልጣል። እዚያ ግፊት ይፈጠራል። ከቱርቦው ወደ ታች የሚመለሰው ዘይት ያን ግፊት አልፎ መውረድ ያቅተዋል። መውጫ ሲያጣ በማኅተሙ በኩል ወደ አየር ቱቦው ይገባል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የዓለምን ምርጥ ቱርቦ ብትገጥም በሳምንቱ ያጨሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ኮምፕረሽን፣ ማለት ሲሊንደሮቹ የሚፈጥሩትን ግፊት፣ አስለካ። ከዚያ የዘይት ቤቱን ትንፋሽ የሚያወጣው ቱቦና ቫልቭ አለመደፈናቸውን እይ።

ቀዩ_ሲልቪያ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ቢየላ። ኮምፕረሽኑን አስለክቼ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግን ስለ ምርጫው መስማት እፈልጋለሁ።

ካርታ_አንባቢ፦

እኔ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ልጀምር። ሰው ቱርቦ የሚመርጠው በስሙና በቡስት ጌጁ፣ ማለት ቱርቦው የሚጨምረውን ግፊት በሚያሳየው መለኪያ ነው። አንተ ያለህበት ከፍታ ላይ ቡስት ጌጅ ብቻውን ያታልላል። ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ ከባድ አይደለም።

ሞተርህ 1,998 ሲሲ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው አየር የሚስበው። በ7,000 ዙር፣ የመሙላት ብቃቱን 90 በመቶ ብንይዝ፣ በደቂቃ ወደ 6,300 ሊትር አየር ይውጣል። ይህ ይዘት የትም ቦታ አይቀየርም። የሚቀየረው በዚያ ይዘት ውስጥ ስንት ክብደት አየር እንዳለ ነው፤ ጉልበት የሚሰጠውም ክብደቱ ነው።

ባህር ዳርቻ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 100 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። 1 ባር ቡስት ስትጨምርበት 200 ይሆናል። 200 ለ100 ስታካፍል ሁለት ታገኛለህ። ይህ የግፊት ሬሾ ይባላል፤ ቱርቦው አየሩን በሁለት እጥፍ አጨመቀው ማለት ነው።

በ2,200 ሜትር የከባቢ አየር ግፊት 78 ገደማ ነው። በዚያው 1 ባር ቡስት ድምሩ 178 ነው። 178ን ለ78 ስታካፍል 2.28 ይመጣል። ጌጁ ያንኑ 1 ባር ያሳያል፤ ቱርቦው ግን ከበፊቱ እጅግ በላይ እየለፋ ነው። የሞተሩ ነገር ተቃራኒ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው 178 ኪሎፓስካል፣ ባህር ዳርቻ ላይ በ0.78 ባር ከሚነዳ ሞተር ጋር እኩል ነው። ከፍታ ላይ ሞተሩ ይቀለዋል፣ ቱርቦው ይከብደዋል።

አሁን ወደ ክብደት እንሂድ። ከኢንተርኩለር በኋላ አየሩ 50 ዲግሪ ነው ብንል፣ በ1 ባር ሞተርህ በደቂቃ 26.6 ፓውንድ አየር ይወስዳል። አንድ ፓውንድ በደቂቃ 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለሚሰጥ 265 ደረስክ ማለት ነው። በ0.9 ባር ደግሞ 25 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 250። የምትፈልገው በሁለቱ መካከል ነው።

የኮምፕረሰር ማፕ፣ ማለት ቱርቦው በየግፊቱ ስንት አየር እንደሚችል የሚያሳየው ንድፍ ላይ ግን 26.6ን እንዳለ አታስቀምጥ። ማፑ የተሰራው ባህር ዳርቻን ለሚጠጋ የአየር ግፊት ነው። ለቀጭን አየር ሲስተካከል 26.6ቱ ወደ 33 ይጠጋል፣ የ0.9 ባሩ 25 ደግሞ ወደ 31። የጂቲ2860አርኤስ ማፕ በቀኝ በኩል 35 ገደማ ላይ ያበቃል። ስለዚህ 0.9 ባር ላይ ትንፋሽ አለህ፤ 1 ባር ላይ ወደ ዳር ተጠግተሃል። የኤስ15ቱ ቲ28 አቅሙ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ አንተ የምትለው ጉልበት ላይ ከዳሩ ጋር ይታገላል። ከዳር ያለፈ ቱርቦ አየር አይጨምርም፤ ፍጥነቱና ሙቀቱ ብቻ ይጨምራል።

ሙሉ_ቡስት፦

እህቴ፣ ሂሳብሽ እኮ የእኔን ሀሳብ ነው የሚደግፈው! ከፍታ ትንሹን ቱርቦ ዳር ላይ የሚጥለው ከሆነ ትልቁን መውሰድ ነው መልሱ። 2871 በዚያ ነጥብ ላይ ማፑ መሀል ነው የሚቀመጠው፤ አየሩንም ቀዝቀዝ አድርጎ ይሰጣል።

ካርታ_አንባቢ፦

ከላይኛው ዙር አንጻር እውነትህን ነው፣ አልከራከርም። ጥያቄው ታችኛው ዙር ላይ ነው። ሁለቱ ቱርቦዎች የሚጋሩት ተርባይን፣ ማለት ጭሱ የሚያዞረው ዊል፣ አንድ ነው፤ 53.9 ሚሊሜትር፣ 76 ትሪም (የዊሉ ቅርፅ መለኪያ)። ልዩነቱ ያለው ኮምፕረሰሩ ላይ ነው፤ የአርኤሱ 60 ሚሊሜትር፣ የ2871 ስሙ እንደሚለው 71። ያው ተርባይን ከበድ ያለ ዊል ሊያዞር ነው ማለት ነው። ከፍታ ላይ ደግሞ የሚወጣው ጭስ ክብደቱ ስለሚያንስ ተርባይኑን የሚገፋው ኃይል ከመጀመሪያውም ደካማ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ በ4,000 ዙር የሚሞላ ቱርቦ እዚህ ዘግይቶ ነው የሚሞላው።

ሌላው የማፑ ግራ ጎን ነው። ትልቅ ኮምፕረሰር በዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ባለ የግፊት ሬሾ ሲሰራ ሰርጅ መስመሩን ሊነካ ይችላል። አየሩ ወደ ፊት መሄድ ያቅተውና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ነዳጅ እንደረገጥክ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማሃል። ጋዝ ስትለቅ የሚሰማው ሌላ ነው፤ ይህኛው ቡስት እየገነባ ሳለ የሚመጣ ነው። ሲደጋገም የቱርቦውን ኩሽኔታ ይበላል።

የ320 የፈረስ ጉልበት ዕቅድ ያለው ሰው 2871 ይውሰድ። ጠያቂው ግን በየቀኑ እነዳታለሁ ነው ያለው። በየቀኑ የሚነዳ ሰው ከ2,500 እስከ 5,000 ዙር መካከል ነው የሚኖረው።

ድሮ_ኤስ15፦

የኤስ15 ባለቤት ስለነበርኩ አጭር ነገር ልበል። ፋብሪካው ከኤስ13 ወደ ኤስ15 ሲሄድ ከ205 ወደ 250 የፈረስ ጉልበት ያደረሰው ቱርቦ ስለቀየረ ብቻ አይደለም። በመሀል ኤስ14 ላይ የመግቢያ ካምሻፍቱ ጊዜውን እየቀያየረ እንዲሰራ ተደርጓል፣ ኤስ15 ላይ ደግሞ ኢንጀክተሩም አድጓል። ቲ28ቱን ብቻ አውጥቶ ኤስ13 ላይ መግጠም ያንን 250 አያመጣም። ለባህር ዳርቻ ሰው፣ በዝቅተኛ ቡስት፣ በጣም ደስ የሚል ቱርቦ ነው። ፔዳሉን ነካ ስታደርገው ይመልሳል። ለአንተ ከፍታና ግብ ግን አርኤሱ ይሻላል።

ነዳጅ_ቆጣሪ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የኤስ13 ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) በደቂቃ 370 ሲሲ ነው። ለ260 የፈረስ ጉልበት እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 400 ሲሲ ገደማ ማውጣት አለበት። ማለት ያለህ ኢንጀክተር ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ ቢቆይ እንኳ አይበቃም። ኢንጀክተር ከ80 በመቶ በላይ ማሰራት ስለማይመከር ቢያንስ 500 ያስፈልጋል። 550 ግዛና ትርፍ ይኑርህ። የነዳጅ ፓምፑንም አትርሳ፤ የድሮ ፓምፕ ቡስት ሲጨምር ግፊቱ ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ፒስተን ይቀልጣል።

የአየር መለኪያውም አለ። የኤስ13ቱ የተሰራው ለፋብሪካው ጉልበት ነው። ከዚያ ስታልፍ መለኪያው ጣሪያው ላይ ይደርስና ኮምፒውተሩ ተጨማሪውን አየር አያየውም። ብዙዎች ዜድ32 የሚባለውን የኒሳን 300ዜድኤክስ መኪና መለኪያ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ኢንጀክተርና መለኪያ ከተቀየረ ኮምፒውተሩ እንደገና ፕሮግራም ካልተደረገ መኪናዋ ነዳጅ ሳትረግጥ በራሷ እንኳ በወጉ አትቆምም። በዝቅተኛ ኦክቴን ደግሞ የማቀጣጠያ ጊዜውን ወደ ኋላ የሚመልስልህ፣ ኖክ (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማውን ድምፅ) የሚያዳምጥ ጥሩ ቲዩነር ያስፈልግሃል። ለቱርቦ የያዝከውን ገንዘብ በሙሉ ለቱርቦ አታውለው።

ካርታ_አንባቢ፦

ነዳጅ ቆጣሪ ያለው ላይ አንድ ቁጥር ልጨምር። በ25 ዲግሪ አየር፣ በግፊት ሬሾ 2፣ ከቱርቦው የሚወጣው አየር ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። በ2.28 ግን ወደ 135። ጌጁ ላይ ሁለቱም 1 ባር ናቸው። ያቺ 20 ዲግሪ በዝቅተኛ ኦክቴን ቤንዚን ኖክ ልታመጣ ትችላለች። ከፊት የሚቀመጥ ደህና ኢንተርኩለር ግዴታ ነው። የፋብሪካዋ ትንሿ ይህን አትችልም።

ጋሽ_ቢየላ፦

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ ስለ ዘይቱ ልናገር፤ ቱርቦ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዘይት ነውና።

ቦል ቤሪንግ ቱርቦ እንደ ድሮው ብዙ ዘይት አይፈልግም። ብዙ ከሄደበት በማኅተሙ ያልፋል፣ ያጨሳል። ለጋሬት ቦል ቤሪንግ በመግቢያው ላይ 0.9 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ ይደረጋል። አንዳንዱ ቱርቦ ማጥበቢያዋን ውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ሁለት እንዳትሆንብህ መጀመሪያ እይ። ለድሮው ዓይነት ቱርቦ ደግሞ ይህችን ማጥበቢያ መግጠም ኩሽኔታውን ማስራብ ነው።

መመለሻው ቱቦ ሰፊ ይሁን። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይውረድ፣ የትም ቦታ ሆድ አይኑረው። እዚያ ላይ ዘይቱ የሚወርደው በግፊት አይደለም፣ በራሱ ክብደት ነው። ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን የሚቀቡ ልጆች አሉ። አደራ፣ እንዳታስቀባ። ቁራጩ ተላቅቆ ያችን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ሥራው ላይ ቁም፤ ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ይግባ።

የውኃ ቱቦዎቹንም አገናኝ። ዘይት ብቻ ይበቃል የሚልህን አትስማ። ሞተሩ ሲጠፋ ተርባይኑ ያጠራቀመው ሙቀት ወደ ኩሽኔታው ይመጣል፤ እዚያ የቆመውን ዘይት አቃጥሎ ከሰል ያደርገዋል። ውኃው ፓምፕ ባይኖርም ሲሞቅ ወደ ላይ እየወጣ፣ ቀዝቃዛው እየተተካ ሙቀቱን ይወስዳል። ለዚህ የመውጫው ቱቦ ከቱርቦው ከፍ ብሎ መሄድ አለበት።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ ላቋርጥ። ገበያ ላይ በተመሳሳይ ስም፣ በጣም በረከሰ የሚሸጡ አሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጋሽ_ቢየላ፦

ስሙ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሌላ ነው። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞር ነገር ነው። የሚዛን ጉድለት ትንሽ ብትሆንም እዚያ ላይ ትገድላለች። አንድ ደንበኛ አስመስሎ የተሰራ ይዞልኝ መጣ። ሀውዚንጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ልክ ነው። ፈትቼ ሳየው ግን የተርባይኑ ምላጮች ጫፋቸው እኩል አይደለም፣ የዋስትጌቱ (ትርፍ ጭስ በጎን አሳልፎ ቡስቱን የሚገድበው በር) ክዳን ደግሞ መቀመጫው ላይ በግማሽ ነው የሚያርፈው። እንዲህ ያለው ዋስትጌት ቡስት ያሾልካል፤ ቱርቦው ዘግይቶ ይሞላል፣ ባለቤቱ ቱርቦው ትልቅ ሆኖበት ይመስለዋል። ከሚታወቅ ሻጭ፣ መለያ ቁጥሩን አረጋግጠህ ግዛ። በጀት ካነሰህ የራስህን ቲ25 ማሳደስ አስመስሎ ከተሰራ አዲስ ይበልጣል።

ቀዩ_ሲልቪያ፦

ተመልሻለሁ። ኮምፕረሽኑ አራቱም ሲሊንደር ላይ ከ9.1 እስከ 9.4 ባር መጣ። መጽሐፉ ከሚለው ያነሰ ነው፤ መካኒኩ ግን አራቱ እኩል ናቸውና አይዞህ አለኝ። የሀውዚንጉ ግድግዳ ላይ ጋሽ ቢየላ ያሉት ቀለበት አለ፣ በአንድ በኩል ጎልቶ ይታያል። ዘንጉም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንቀሳቀሳል።

ካርታ_አንባቢ፦

የመጽሐፉ ቁጥር ለባህር ጠለል ነው። መጽሐፉ ወደ 12 ባር ይላል፤ በአንተ ከፍታ 78 በመቶውን ስትወስድ 9 እና ትንሽ ነው የሚመጣው። ሞተርህ ጤነኛ ነው።

ጋሽ_ቢየላ፦

እንግዲህ ቱርቦው ነው የሞተው፣ አረፍን። በል አሁን በልበ ሙሉነት ግዛ።

ቀዩ_ሲልቪያ፦

ጂቲ2860አርኤስ ለመውሰድ ወስኛለሁ፤ ከ550 ሲሲ ኢንጀክተር፣ ከዜድ32 መለኪያ፣ ከነዳጅ ፓምፕና ከኢንተርኩለር ጋር። ቡስቱን 0.9 ባር ላይ አቆማለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የተርባይን ሀውዚንጉ ነው። 0.64 እና 0.86 ኤ/አር (የጭሱ መተላለፊያ ስፋት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጠባብ ነው) አለው፤ የትኛውን?

ሙሉ_ቡስት፦

2871ን ባትወስድም 0.86ን አስብበት። ላይኛው ዙር ላይ ጭሱ እንዳይታፈን ያደርጋል፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይተነፍሳል። ትራክ ላይ ታየዋለህ።

ካርታ_አንባቢ፦

0.64። በ260 የፈረስ ጉልበት ጭሱ የሚታፈንበት ደረጃ አልደረስክም። ከፍታው የሚወስድብህን ታችኛውን ዙር ትንሹ ሀውዚንግ ይመልስልሃል። 0.86 የሚጠቅመው ከ300 በላይ ለሚሄድ ነው።

ነዳጅ_ቆጣሪ፦

እኔም 0.64። ሰፊ ማርሚታ ካስገባህ ግን ቡስቱን ጌጅ ላይ እያየህ ሞክር። ጭሱ በነፃነት ሲወጣ የዋስትጌቱ ቀዳዳ የሚበቃ ላይሆን ይችላል። ያኔ ቡስቱ 0.9 ላይ መቆሙን ትቶ ከዙሩ ጋር ይወጣል። መጀመሪያ ዋስትጌቱ በስፕሪንጉ ብቻ፣ ያለ ቡስት መቆጣጠሪያ፣ የት ላይ እንደሚቆም እወቅ። ከዚያ ነው ከፍ የሚደረገው።

ድሮ_ኤስ15፦

የኤስአር20 ደካማ ጎን ሮከር አርሙ፣ ማለት ባልቦላውን የሚገፋው ክንድ ነው። ካምቢዮ ስትቀይር ተሳስተህ ከፍ ካለ ማርሽ ወደ ዝቅተኛ ብትጥለው ዙሩ ከገደቡ ያልፍና ሮከሩ ከቦታው ይዘላል። ለዚህ የሚሆን ማገጃ ይሸጣል። ሽፋኑ ከተከፈተ አይቀር አስገባው። የዙር ገደቡንም ከፋብሪካው ብዙ አታርቀው፤ ይህ ቱርቦ ከ7,000 በላይ የሚሰጥህ ነገር የለም።

ጋሽ_ቢየላ፦

ስትገጥመው የመጀመሪያው አነሳስ ይህን ይመስላል። ዘይትና ፊልትሮ አዲስ ይሁኑ። የዘይት መግቢያውን ቱቦ ከማሰርህ በፊት በቱርቦው ቀዳዳ ንጹህ ዘይት ጠብ አድርግና ዊሉን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ንቀል፣ ካንዴላዎቹን አውጣ። ከዚያ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙራት። ካንዴላ መልሰህ፣ ፊውዙን መልሰህ አስነሳ። ነዳጅ ሳትረግጥ በራሷ ትቁም፤ አንተ ስር ገብተህ የዘይቱንና የውኃውን መጋጠሚያ በባትሪ እይ። ደረቅ ከሆነ ሞቃ ትጥፋ፣ ትቀዝቅዝ፣ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቅ። ቲዩነሩ ጋ እስክትደርስ ቡስት ውስጥ አትግባ።

ቀዩ_ሲልቪያ፦

በዚሁ መሠረት እሄዳለሁ ጋሽ ቢየላ። ዕቃው እንደገባ የዋስትጌቱን ስፕሪንግ ቁጥርና የመጀመሪያውን የቡስት ንባብ እዚሁ ላይ እለጥፋለሁ።